ብሩሹን የያዘ ይጀምራል

«ከላይ ወደ ታች ነው!» አለች ለንሳ፣ አፏ ውስጥ ያለውን ዳቦ ገና ሳትውጥ። «ስንቴ ልንገርሽ? ወደ ላይ አይቦረሽም!»

ጣቢታ ቀና አላለችም። ብሩሹን ከፑል ጠረጴዛው ራስጌ አሳርፋ፣ እጇን ሳታነሳ ቀስ እያለች እስከ ግርጌው ሳበችው። ትናንት ተጫዋቾች ያራገፉት ሰማያዊ ብናኝ ከአረንጓዴው ጨርቅ ላይ እየተሰበሰበ ከብሩሹ ፊት ፊት ወረደ።

«ከላይ ወደ ታች እኮ ነው የቦረሸችው» አለች የለንሳ እናት አስካለች፣ መስኮቱን እየከፈተች። «አንቺ ልጅ፣ እንቅልፉ ገና አለቀቀሽም እንዴ?»

ለንሳ ዳቦዋን ዋጠች። እናቷ ልክ ናት። ጣቢታ አንዲት ስህተት አልሠራችም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

የእነ ለንሳ ቤት አምቦ ውስጥ፣ ወደ ጉደር በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። በመንገዱ በኩል ያለችው ክፍል ፑል ቤት ናት፤ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ነው ያላት። ቀን ቀን የባጃጅ ሾፌሮችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሞሏታል። በሩ ለሰው ከተከፈተ በኋላ ለንሳ እግሯን እንዳታስገባ እናቷ ከልክላታለች። ጠዋት ግን፣ በሩ ሳይከፈት፣ ክፍሏ የእነሱ ናት። ተጫዋቾች መምቻው ዱላ፣ ማለትም እስቴካው፣ እንዳያንሸራትታቸው ጫፉን በሰማያዊ ጠመኔ ያሹታል። ያ የጠመኔ ዱቄትና የመንገዱ አቧራ ጨርቁ ውስጥ ከገባ ኳሱ እየጎተተ ይሄዳል፤ ስለዚህ ከእሁድ በቀር ጨርቁ ሳይቦረሽ የሚውልበት ቀን የለም።

እናቷ ለዚህ ሥራ ያወጣችው ሕግ አጭር ነው፦ ብሩሹን የያዘ ይጀምራል። የቦረሸው ሰው ኳሶቹን መጀመሪያ ይበትናል፣ ከዚያ ከእናቷ ጋር አንድ ጨዋታ ይጫወታል። ለንሳ ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ በየጠዋቱ የቦረሸችው ለዚያች ጨዋታ ስትል ነው።

ቀን ቀን ጥግ ላይ ተቀምጣ ዳንቴል እየሠራች «ኦቦ ቱፋ፣ ጠመኔውን ጨርቁ ላይ አያስቀምጡ!» የምትለው አስካለች፣ እስቴካ ብትይዝ እነዚያን ሾፌሮች አንድ በአንድ እንደምትሸኛቸው ማን ያውቃል? ለንሳ ብቻ! እናቷ ከማግባቷ በፊት ሆቴል ስትሠራ ነው የለመደችው። የጸሎት ቤት ሰዎች እንዳያሟት ሰው ፊት አትጫወትም። በዚያች የጠዋት ጨዋታ ላይ የማታወራው ነገር አልነበረም፤ የሆቴሉን ጉድ፣ የለንሳ አባት እንዴት ለጋብቻ እንደጠየቃት፣ የሠርጋቸው ቀን የዘነበውን ዝናብ። አባቷ ነቀምት ነው የሚሠራው፤ የሚመጣው በወር አንዴ ነው። ሌላው ሰዓት እናቷ የደንበኛው፣ የጎረቤቱ፣ የስልኩ ናት። ያቺ ሰዓት ግን የለንሳ ነበረች።

ነበረች። መስከረም ላይ ጣቢታ መጣች።

ጣቢታ የአስካለች ወንድም ልጅ ናት። አባቷ ወንጪ ሐይቅ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል። ዘጠነኛ ክፍልን አምቦ እንድትማር ከአንዲት ትንሽ ሻንጣ ጋር ላካት። በመጀመሪያው ሳምንት ጥግ ቆማ ታይ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ለንሳ አንድ ቀን አረፈደች፤ ተነስታ ስትመጣ ጨርቁ ተቦርሿል፣ ኳሶቹ ተደርድረዋል፣ ጣቢታ እስቴካ ይዛለች። በማግስቱም እንደዚያው። ለንሳ የስልኳን ደወል ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ብታመጣው፣ ጣቢታ ከዚያም ቀድማ ትነሳለች። እንደዚህ ዓይነቷን ምን ታደርጓታላችሁ?

«አዳዳ፣ ይሄኛውን በየት በኩል ልምታው?» ትላለች ጣቢታ። አክስቷን እንደ አገሯ ልጆች አዳዳ ብላ ነው የምትጠራት፤ ያውም አንቱ እያለች።

«አንቱ አትበይኝ አላልኩሽም? ነይ፣ ጎንበስ በይ። ይኸውልሽ…»

ከዚያ ጣቢታ ትስታለች፣ አስካለችም ትስቃለች። ሆዷን ይዛ ነው የምትስቀው! ለንሳ ያን ሳቅ ሰምታው አታውቅም። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን! ለንሳ ግድግዳውን ተደግፋ ዳቦዋን ትበላለች።

ትምህርት ቤት ለጓደኛዋ ለሰሎሜ ነገረቻት። ሰሎሜ ሳቀችባት። «እናቴን ተቀማሁ በይኛ! በፋራ ልጅ!»

«አቦ፣ ሙድ አትያዢብኝ» አለች ለንሳ። ዓይኗ እንባ ሲያቀር ሰሎሜ እንዳታይባት ፊቷን አዞረች።

ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ አስካለች ለቅሶ ልትደርስ ማልዳ ወደ ጉደር ሄደች። «ጨርቁን ቦርሹና ቆልፉት። ከሰዓት ሰው ስለሚበዛ ምሳ ሳይደርስ እመለሳለሁ» አለች።

ለንሳ በረንዳው ላይ ጸጉሯን ስታበጥር ጣቢታ በበሩ ብቅ አለች። ብሩሹ እጇ ላይ ነው፤ እንደ ወትሮው!

«ለንሳ፣ አዳዳ እስኪመጡ ጨርቁን አዲስ ላስመስለው ብዬ ነበር። ነጩ ኳስ የሚነሳበት ቦታ ላይ ያለው ሰማያዊ ነገር በብሩሽ አልለቅ አለኝ። በእርጥብ ጨርቅ ብጠርገውስ? ይለቃል?»

ለንሳ መልሱን ታውቀዋለች። ብሩሹ በተሰጣት ቀን እናቷ ከሁሉ አስቀድማ የነገረቻት ነገር እሱ ነው፦ ውሃ አይንካው። ጠመኔ ውሃ ከነካው ቀለም ይሆናል፣ ቀለሙ ደግሞ ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ጣቢታ ሥራውን በማየት ስለለመደችው ይህን የነገራት የለም። «እንዳትሞክሪው» ማለት በቂ ነበር፤ ለንሳም ልትል አፏን ከፈተች። አክስቷን ልታስደስት የቸኮለችውን ያቺን ፊት ስታይ ግን ሌላ ነገር ከአፏ ወጣ።

«አዎ፣ ይለቃል። ሳሙናም ጨምሪበት።»

ሳሙናውን ከየት አመጣችው? እሷም አታውቅም። ጣቢታ «ገለቶሚ!» ብላ አመስግና እየሮጠች ገባች። ለንሳ ማበጠሪያዋን እንደያዘች የፍትጊያውን ድምፅ አዳመጠች። ተነስታ ልታስቆማት ትችል ነበር። አልተነሳችም።

ብዙም ሳይቆይ «ለንሳ! ኮቱ! ቶሎ ነይ!» የሚል ጩኸት መጣ።

ጨርቁ ላይ ትልቅ ትሪ የሚያህል ቦታ በስብሷል። ሰማያዊው በየአቅጣጫው ሮጧል፤ የተፈተገው ጨርቅ ተነፋፍቶ ጸጉር አውጥቷል። ጣቢታ ሳሙናማ እጇን አየር ላይ እንደያዘች ቆማለች።

«ውይ! ምን አደረግሽው?» አለች ለንሳ።

ጣቢታ ዞር ብላ አየቻት። የገባት ያኔ ነው። ጎንበስ ብላ ውሃውን በፎጣ ታደርቅ ጀመር።

አስካለች እንደተመለሰች ነጠላዋን ሳታወልቅ ጠረጴዛው ዘንድ ሄደች። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ማነው ውሃ ያስነካው?»

«እኔ ነኝ፣ አዳዳ።»

«ማንንም ሳትጠይቂ?»

ለንሳ ወደ በሩ አየች። አለቀላት።

«ማንንም አልጠየቅኩም» አለች ጣቢታ።

አስካለች እድፉን በመዳፏ ዳበሰችው። «ይሄን ጨርቅ ለመግዛት መርካቶ ድረስ ሄጄ ነበር እኮ» አለች ቀስ ብላ። «በቃ፣ ከአሁን በኋላ ለንሳ ናት የምትቦርሸው። አንቺ እንዳትነኪው።»

ከሰዓት ፑል ቤቱ ሞላ። ሴቶቹ ልጆች ከግድግዳው ማዶ ሆነው ይሰማሉ። የኦቦ ቱፋ ኳስ እድፉ ዘንድ ሲደርስ ሳይታጠፍ አልቀረም፤ «አስኩ! ጠረጴዛሽ ላይ ጉብታ በቀለ እንዴ?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጣቢታ ጓሮ ወጥታ ንጹሑን ሳህን ሁሉ እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ለምን አልተናገረችም? ለንሳ ቀኑን ሙሉ ያብከነከናት ይህ ነው። ደግ ለመባል ነዋ! ቆይታ ሐቁ ሲወጣ ሰው ሁሉ እንዲያደንቃት! በብሩሹም በለጠችኝ፣ በሳቁም በለጠችኝ፣ አሁን ደግሞ በደግነት ልትበልጠኝ ነው አለች በልቧ። ቀናችባት። አዎ፣ በዚህም ቀናችባት።

ሰኞ ጠዋት ለንሳ ቦረሸች። ብሩሹ እድፉ ላይ ሲደርስ ያዝ፣ ያዝ ያደርገዋል። እናቷ ኳሶቹን ደርድራ እስቴካውን አቀበለቻት። «ጀምሪ።»

ኳሶቹ ተበተኑ። ይኸው፣ የፈለገችው ሁሉ አለ፤ ባዶው ክፍል፣ ያልተከፈተው በር፣ እናቷ። እናቷ ግን አልሳቀችም፤ አላወራችም። ተራዋ ሲደርስ ሳታነጣጥር መትታ ሳተች።

«ጣቢታ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች» አለች በመጨረሻ። «አባቴ ዘንድ ልመለስ ትላለች። እኔ ተቆጣሁ እንጂ ሂጂ አላልኳት። ከሄደች ደግሞ ያ ወንድሜ መልሶ አይልካትም፣ አውቀዋለሁ። ትምህርቷ እዚያው ቀረ ማለት ነው። ለአንዲት ጨርቅ?»

ትሂዳ! አለ የለንሳ ልብ። ያውም በደስታ ነው ያለው። ከዚያ ያው ልቧ ድንግጥ አለ፤ በገዛ ደስታዋ ደነገጠች። ልትመታ ጎንበስ አለች፤ ግን አልመታችም። ቀና አለች።

«እማ… ጠይቃኝ ነበር።»

«ምን?»

«በእርጥብ ጨርቅ ይለቃል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ይለቃል አልኳት። ሳሙና ጨምሪ ያልኳትም እኔ ነኝ።»

«ውሃ እንደማይነካው እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ።»

አስካለች እስቴካዋን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ለምን? ምን አድርጋሽ?»

«ከእሷ ጋር ትስቂያለሽ» አለች ለንሳ፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «ከእኔ ጋር እንደዚያ ስቀሽ አታውቂም። አንድም ቀን።»

እናቷ ወደ ጓሮ ዞራ ጣቢታን ተጣራች። ጣቢታ መጥታ ደፉ ላይ ቆመች፤ ወደ ውስጥ አላለፈችም።

«ለንሳን ጠይቀሻት ነበር?»

ጣቢታ መጀመሪያ ለንሳን አየች። «አዎ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልጅዎ ናት እኮ፣ አዳዳ» አለች ጣቢታ መሬት መሬቱን እያየች። «አላልኩም ብትል ማንን ሊያምኑ ነው? እኔ ሰው ቤት ነኝ። ብሩሹንም የያዝኩት… ሥራ ካልሠራሁ የምትመልሱኝ እየመሰለኝ ነው። ጠዋት የምነሳውም ተግቼ አይደለም። እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ለንሳ ክው አለች። በየጠዋቱ ቀድማኝ ነቃች ብላ የተናደደችባት ልጅ፣ ለካ እንቅልፍ የሚባል አልነበራትም!

«አንቱ አትበይኝ ብዬሻለሁ!» አለች አስካለች። ቁጣ ነበር፤ ግን ዓይኖቿ ሞልተዋል። ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ማንም የትም አይሄድም። ዛሬ ጨዋታ የለም። ለንሳ፣ ያንቺን ነገር አባትሽ ሲመጣ ሦስታችን ቁጭ ብለን እናየዋለን። እንዲሁ የሚያልፍ እንዳይመስልሽ።» ልትወጣ ስትል በሩ ላይ ቆመች። «ነገ ማን እንደሚቦርሽ ራሳችሁ ተነጋገሩ» ብላ ወጣች።

ሁለቱ ልጆች ጠረጴዛውን መሐል አድርገው ቀሩ። ውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ።

«እኔ ብሆን እነግርብሽ ነበር» አለች ለንሳ።

«አውቃለሁ» አለች ጣቢታ።

ይህን ስትል አልሳቀችም፤ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም። ለንሳም ይቅርታ ልትል ፈልጋ አልሆነላትም። ነገ ጠዋት ምን እንደሚሆን ከአሁኑ ታያት፤ እናቷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ ታያለች። ቅናቱ የትም አልሄደም።

«ነገ አንቺ ነሽ» አለች፤ ብሩሹንም ጣቢታ እጅ ላይ አስቀምጣ ዩኒፎርሟን ልትለብስ ገባች።