በፈላ ሞተር ላይ አንድ ባልዲ ውሃ

ዓለም ሁለተኛውን ታላቅ ጦርነት ከጀመረች ሦስተኛ ዓመቷን ይዛ ነበር፤ በዚያ ዘመን የከተማይቱ ጎዳናዎች ጭር ብለው፣ የቤንዚን ማደያው በሰንሰለት ታስሮ፣ በየግንቡ ላይ አንድ ዓይነት አዋጅ ተለጥፎ ይታይ ነበር። ባለ መኪና የሆነ ሁሉ ሰኞ ጠዋት መኪናውን ይዞ ኮረብታው ላይ ባለው የጦር ሰፈር ይቅረብ፤ የሚሠራው ለግንባር ይወሰዳል፤ የማይሠራው ለባለቤቱ ይመለሳል፤ የደበቀ ይታሰራል ይላል አዋጁ።

የከተማይቱ አዋላጅ አዋጁን ቆማ አነበበችና ወደ ቤቷ ሄደች። ሾፌር የነበረው ባሏ ሲሞት የተወላት አንዲት ያረጀች ጥቁር መኪና ነበረች፤ በእርሷም፣ ሆስፒታሉ በሚሰጣት ጥቂት ቤንዚን፣ ምጥ የጠናባቸውን ሴቶች ከየሰፈሩ እያነሳች ሆስፒታል ታደርስ ነበር። መኪናዋ ከሄደች ስንቷ እናት መንገድ ላይ እንደምትቀር ከእርሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። መኪናዋ ደግሞ ሰሞኑን መፍላት ጀምራለች፤ ሜካኒኮቹ ሁሉ ዘምተዋል።

ቅዳሜ ከሰዓት በግቢዋ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታ እጅጌዋን ሰበሰበች። ዋርሳዋ፣ የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ፤ የጭነት መኪናዎቹን ሳይጠየቅ ለጦሩ አስረክቦ ከሹማምንት ጋር መጨባበጥ የለመደ ነጋዴ ነው።

«እቴ፣ አትድከሚ» አላት። «ብትጠግኛት ይወስዷታል፤ ካልጠገንሻት ለአንቺም አትረባሽ።»

«ጋሼ፣ እስቲ ሞተሩን ያስነሱልኝ።»

ውሃው ሙሉ ነው፤ የሚንጠባጠብም የለም። ማራገቢያውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጠበቅ ብሏል። ቆይቶ ሞተሩ እጅ የማያስነካ ሲሆን ራዲያተሩን ዳበሰችው፤ እንደ ጉድጓድ ውሃ ቀዝቅዟል። የጋለው ውሃ ወደ ራዲያተሩ መጥቶ እየቀዘቀዘ አይደለም ማለት ነው፤ በመካከል መንገዱን የዘጋ ነገር አለ።

ሞተሩ ሲበርድ ፈታታችና ቴርሞስታቱን አወጣችው፤ ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ የሚያሳልፍ ትንሽ የብረት በር ነው። በድስት ውሃ ከትታ ምድጃ ላይ ጣደችው። ውሃው ተንተከተከ፤ በሩ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ይኸውልዎ፣ ጉሮሮዋን አንቆ የያዛት ይሄ ነው።»

«አዲስ ከየት ልታመጪ?»

«ያለ እሱም ትሄዳለች። ለመሞቅ ትዘገያለች እንጂ ምንም አትሆንም።»

ከጫማ ካርቶን ማሸጊያ ቆረጠች፤ ግራሶ ቀብታ ክዳኑን ያለ ቴርሞስታቱ ገጠመችው። ከዚያም ከተማውን ዞራ ተመለሰች፤ መኪናዋ አልፈላችም። ዋርሳዋ ፊቱ በራ።

«እንግዲህ ሰኞ በክብር እናስረክባታለን፤ የቤታችን ስም ይነሳል።»

«አልሰጥም፣ ጋሼ።»

«አዋጅ ነው እኮ! ከመንግሥት ጋር ልትጣዪ ነው?»

«የማይሠራው ይመለሳል ይላል አይደል? ሰኞ አትሠራም።»

እሑድ የተበላሸውን ቴርሞስታት መልሳ ከተተችው።

ሰኞ መኪናዋ ኮረብታውን አጋምሳ ፈላች፤ ከጦር ሰፈሩ በር ስትደርስ በእንፋሎት ተሸፍና ነበርና የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። መኪናዎቹን የሚረከበው ሻምበል ሊመልሳት እጁን ሲያነሳ፣ ሜካኒክ የሆነ አንድ አሥር አለቃ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩንና ራዲያተሩን ነካካ።

«ቴርሞስታት ነው፣ ጌታዬ። ነቅሎ መጣል ነው።»

«ከሚወሰዱት ጋር አሰልፏት» አለ ሻምበሉ።

የአዋላጇን ያን ሁሉ ብልሃት አንድ ሰው በመዳፉ አፈረሰባት፤ ተናደደች፤ ንዴቷም ከፍርሃቷ በለጠ። ከበሩ ዘብ አጠገብ የነበረውን ባልዲ ከነውሃው አነሳችና በተከፈተው ኮፈን ላይ ይዛው ቆመች።

«ሻምበል፣ ይህን ካፈሰስኩት ሞተሩ ይሰነጠቃል። ያን ጊዜ ለእርስዎም አትሆን፣ ለእኔም።»

«እትዬ፣ ባልዲውን ያስቀምጡ። የመንግሥት ንብረት ናት።»

«ገና አልተረከቡኝም። ቀናቸው የደረሰ ሴቶች እቤታቸው እየጠበቁኝ ነው፤ እነሱን በምን እንደማደርስ ይንገሩኝና አስቀምጣለሁ።»

ሻምበሉ ወደ አሥር አለቃው ዞረ። «እውነት ይሰነጠቃል?»

«ብረቱ እሳት ሆኗል፣ ጌታዬ። አይተርፍም።»

«ታደርገዋለች?»

አሥር አለቃው ፊቷን አየ። «ታደርገዋለች።»

ባልዲው ከብዷት ዘንበል ብሎ ነበር፤ የሚንጠባጠበው ውሃ ብረቱን በነካ ቁጥር ቸስ እያለ ይተናል። ሻምበሉ ሕዝቡን ተመለከተ፤ የሚስቅ አልነበረም፤ ከቆሙት የብዙዎቹን ልጆች የተቀበለችው እርሷ ናት። በዚህ ሁሉ ዓይን ፊት የተሰነጠቀ ሞተርና የታሰረች አዋላጅ ይዞ መቅረት አልፈለገም።

«አትረባም፤ መልሷት» አለ። ከዚያም ወደ እርሷ ቀረብ ብሎ፣ «ሁለተኛ ዓይንሽን እንዳላይ» አላት።

«ሚስትዎ ምጥ ሲይዛቸው ያዩኛል» አለችና ባልዲውን አስቀመጠች፤ ሞተሩ እስኪበርድም እዚያው ፊቱ ቆማ ጠበቀች።

የዚያን ጦርነት ታሪክ የጻፉ ሰዎች ከከተማይቱ የተወሰዱትን መኪኖች አልዘነጉም፤ አብዛኞቹ ግንባር ሳይደርሱ ወንዝ ዳር ተቃጥለው መቅረታቸውንም ጽፈዋል። መኪና የሰጡ ሰዎች ስም አደባባዩ ላይ በተተከለ ድንጋይ ላይ ተቀረጸ፤ የዋርሳዋም ስም አለበት። አልሰጥም ስላለችው ሴት ግን አንድም መስመር አልተጻፈም፤ በጥቁሯ መኪና ደርሰው በሰላም የተገላገሉትም ስለ ራሳቸው የጻፉት ነገር የለም።

ሰላም ከሆነ በኋላ አንድ ቀን ዋርሳዋ በዚያ ድንጋይ ፊት በመኪናዋ ስታልፍ አስቆማት።

«እቴ፣ የወንድሜ ስም እዚህ አለመኖሩ አይቆጭሽም?»

በመስኮቱ ብቅ ብላ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አይቆጨኝም። እኔም መኪናዋን ብሰጥ ኖሮ ወንዝ ዳር ትቃጠል ነበር። አሁን ከመንገዱ ዘወር ይበሉልኝ፣ ጋሼ፤ ከኋላ ያለችው ልጅ ምጧ ተፋፍሟል።»