ዳሂር ዘጠኟን የጣለ ዕለት

ሰው በፍቅሩ ይኮራል። ፋርሒያ ግን የካሂን ስም በተነሳ ቁጥር አንገቷን ትደፋ ነበር። ሰዉ ዓይን አፋር ናት ይላል። ነገሩስ ሌላ ነው።

ካሂን መጋላ ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። በ1977 ዓ.ም. ፋርሒያ ቀሚስ ልታሰፋ ብትሄድ ቁመቷን ለካና ቁጥሩ ጠፋበት፤ ደግሞ ለካ፣ ደግሞ ጠፋበት።

«አቦ፣ እኔ እኮ በየደቂቃው አላድግም» አለችው።

ሳቀ። ቀሚሱ ካለቀ በኋላም ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ አንዴ እጅጌው ሰፋ፣ አንዴ ጠበበ እያለች። እሱም ምንም ያልጎደለውን እጅጌ ዝም ብሎ ይፈታል፣ ይሰፋል።

ደስታ መቼ ይበረክታል። የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ሰፈራቸው ደረሰና የቀበሌው ሰው ከነደብተሩ ወደ ካሂን እናት ወደ ሃዎ ቤት መጣ። «እናት፣ ከሁለቱ ልጆችዎ አንዱ ይዘምታል። የቱ እንደሆነ እስከ አርብ ያስመዝግቡ» ብሏቸው ሄደ።

ሃዎ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። «ከሁለት ዓይኔ የቱን ላውጣ?» ብለው ተቀመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ እሳት አላነደዱም። በሦስተኛው ቀን ታላቁ ልጅ ዳሂር፣ ባቡር ጣቢያ ጭነት የሚያወርደው፣ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

«ሆዮ» አላቸው፤ እናቱን በሶማሊኛ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። «አንቺ አትምረጪ። ካርታ ይምረጥ። ሐሙስ አንድ ጨዋታ እንጫወት፣ የተሸነፈ ይሄዳል።»

ሃዎ ልጃቸውን ትክ ብለው አይተው እሺ አሉ።

ፋርሒያ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። ከመጋላ እስከ ከዚራ ሰፈር ድረስ በካርታ ዳሂርን የሚችል አልነበረም፤ ካሂን ደግሞ ካርታ በእጁ ይዞ አያውቅም። «ይሄ ሰውዬ ወንድሙን አስይዞ ሊተርፍ ነው» አለች።

እሷ ካርታን ከአባቷ ተምራ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ሱቁን ሁሉ ዘግቶ ከተማውን ሲያስተኛ፣ እናቷ ልጄ ተኝታለች ብላ ስታስብ፣ እሷ ካሂን ሱቅ ገብታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ካርታ ትዘረጋለች።

«ሰባት ሰባት ካርታ ይደርሳችኋል። ሦስቱ አንድ ዓይነት፣ አራቱ ደግሞ ተከታታይ ከሆኑልህ ትዘጋለህ፤ አሸነፍክ ማለት ነው። አንድ ታነሳለህ፣ አንድ ትጥላለህ። በቃ ይኸው ነው።»

«የሚጣለውን በምን አውቃለሁ?»

«የማይጠቅምህን ጣላ። አንተ ሁሉንም ታቅፈህ መቀመጥ ትወዳለህ።»

«መጣል አልችልበትም» አለ፣ ካርታውን ትቶ እሷን እያየ።

«ዋርያ፣ አንተ፣ ካርታህን እይ። ፊቴ ላይ ቁጥር የለም።»

«ብሸነፍስ?»

ካርታውን ሰብስባ ሰጠችው። «አትሸነፍም። በውዘው፣ እንደገና እንጀምር።»

ሐሙስ ደረሰ። ፋርሒያ ሃዎ ቤት ሻይ ይዛ ገባችና ከዳሂር ጀርባ ተቀመጠች። በዚያ ሰፈር ወግ ተመልካች ዲዳ ነው፤ የሰው ካርታ አይቶ የተነፈሰ ሰው ሁለተኛ ጨዋታ አጠገብ አይደርስም።

የዳሂር እጅ ቶሎ ሞላ። ሦስት ንጉሥ ይዟል፤ ሰባት፣ ስምንትና አሥርም አሉት። የጎደለችው ዘጠኝ ብቻ ነበረች። አንድ ካርታ አነሳ፤ ዘጠኟ ናት። ካርታዋን አየ፣ ወንድሙን አየ፣ ከዚያ ዘጠኟን መልሶ ጣላት።

ሰውየው ሊያሸንፍ ሳይሆን ሊሸነፍ እንደመጣ ፋርሒያ ያን ጊዜ ገባት። ስንት ቀን ስትረግመው ከርማለች። አንድ ቃል ብትተነፍስ ጨዋታው ይፈርሳል፤ ጨዋታው ከፈረሰ ደግሞ ሂያጁ ካሂን ሊሆን ይችላል። ወጉን ሰበብ አድርጋ ዝም አለች። ካሂን ሁለት ካርታ እንዳነሳ ካርታውን ዘርግቶ «ዘጋሁ» አለ።

ዳሂር ወደ ሁርሶ ማሠልጠኛ በሚሄድበት ጠዋት ሊሰናበታት መጣ። «ጥሩ አስተማሪ ነሽ» አላት። «ወንድሜን ደህና አድርገሽ ያዥልኝ።» ዓይኑን ማየት አቃታት።

ወራት አለፉ፤ ሽማግሌ ተላከ፣ የኒካህ ቀን ተቆረጠ። ካሂን «ወላሂ ያተረፍሽኝ አንቺ ነሽ» ባላት ቁጥር ወሬ ትለውጣለች። ዳሂር ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከ ተባለ፤ ከዚያ ደብዳቤውም ቀረ። ለኒካሁ ሳምንት ሲቀረው አልቻለችም፤ ሱቁ ድረስ ሄደች።

«ካሂን፣ አንተ አላሸነፍክም» አለችው። ዘጠኟንም ዝምታዋንም ነገረችው።

መቀሱን አስቀመጠ።

«አንቺ እያወቅሽ ነው እኔ ይህን ሁሉ ቀን ስስቅ የከረምኩት?»

«እንዳላጣህ ፈርቼ ነው።»

«እኔስ ላጣሽ መቼ ፈለግሁ? ግን በወንድሜ ቦታ ተኝቼ እንቅልፍ እንዴት ይወስደኛል?»

በማግስቱ ሁርሶ ሄዶ «በወንድሜ ፈንታ ተቀበሉኝ» አለ። እሱን ተቀበሉት። ወንድሙን ግን አልመለሱም።

ሃዎ ባዶ ቤት ቀሩ። ፋርሒያ የእናቷን ልመና አልሰማ ብላ ልብሷን በሽርጥ ቋጥራ ገባችላቸው። ሳትዳር ምራት ሆነች፤ ውሃ ትቀዳለች፣ ታጥባለች፣ በየማታው ዜና ታዳምጣለች። ካሂን ለምን እንደሄደ ግን ስድስት ዓመት ሙሉ አልነገረቻቸውም።

ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ወር ካሂን መጣ፤ ብቻውን፣ እያነከሰ። ዳሂር የት እንደወደቀ የሚያውቅ ሰው ፈልጎ አላገኘም።

ልቅሶው ጋብ ሲል ፋርሒያ ሃዎ እግር ላይ ተደፋች። «ኤዶ ሃዎ» አለቻቸው፣ አክስቴ እንደማለት ነው። «ልጆችሽን ያሳጣሁሽ እኔ ነኝ። ዳሂር አውቆ ሲሸነፍ አይቼ ዝም አልኩ። ሁሉ ካለፈ በኋላ ደግሞ ለካሂን ተናገርኩና እሱንም ሰደድኩብሽ።»

«ተነሺ» አሏት። «ዳሂር ከጨዋታው በፊት ነግሮኝ ነበር። ‹ሆዮ፣ እሸነፋለሁ፣ ለካሂን እንዳትነግሪው› አለኝ። ግንባሩን ስሜ ዝም አልኩ። የመረጥኩት እኔ ነኝ ልጄ፣ በካርታ አላሳብብም።»

ካሂን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«በዚህ ቤት እውነት የወጣው ካንቺ አፍ ብቻ ነው» አሉና እጇን አንስተው በልጃቸው እጅ ላይ አኖሩት። «ነገ ሼኩን ጥሩልኝ።»

ኒካሁ ያለ ከበሮ ታሰረ። ሙሽራዋ ስታለቅስ ያዩ ሁሉ የደስታ ነው አሉ። ለዳሂር ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ያለቀሰችው ሁሉ ለራሷ ነበር።