ሁለተኛው መብራት

ሲጥ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ ሲጥ፣ ከመጀመሪያው ቀጠን ያለ።

መርማሪዋ የፎቶ ቤቱን ደረጃ ስትወጣ፣ ገና በሩን ሳታይ የሰማችው ይህን ነበር። ጉልበቷን እየደገፈች ገባች። በግራና በቀኝ የቆሙ ሁለት ያረጁ የፎቶ መብራቶች ናቸው፤ ኤሌክትሪካቸው እየጎደለ እየሞላ፣ በሞላ ቁጥር ይጮኻሉ። በመካከላቸው የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ በግንባራቸው ተደፍተዋል። አጠገባቸው የካሜራው ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ወድቋል። አንዱ እግር ላይ ደም አለ።

ነገሩ ቶሎ ያለቀ መሰለ። ማቆሚያው ላይ የተገኘው የጣት አሻራ የፎቶ አስተካካይዋ ብቻ ነው። ይህች ሴት ከጋሼ ጋር ለዓመታት የሠራች ናት፤ ግድያው በተፈጸመበት ሰዓት ጆሮዋን በማዳመጫ ደፍና ጓዳ ውስጥ ፎቶ ስታስተካክል እንደነበር ራሷ አልካደችም። የሟቹ ታናሽ ወንድም ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ሠርግ ሲያነሳ እንደነበር ተናገረ። ማስረጃም አመጣ፤ ጋሼ ወንበር ላይ ብቻቸውን ፈገግ ብለው ራሳቸውን ያነሱት ፎቶ። ከግርጌው አሥር ሰዓት ይላል።

«እኔ ከሄድኩ በኋላ በሕይወት ነበር ማለት ነው» አለ እንባውን እየጠረገ።

አለቃዋ ፋይሉን ዘጋ። «ነገ ፍርድ ቤት ትቀርባለች። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«እንቅልፍ» አለች መርማሪዋ።

ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። እስር ቤት ወረደች።

ፎቶ አስተካካይዋ ገና ሳትቀመጥ ጀመረች። «እትዬ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ማን እንደሚያወጣት ብቻ ይንገሩኝ።»

«እናትሽ ወስደዋታል። አሁን ስለ መብራቶቹ ንገሪኝ።»

«የትኞቹ መብራቶች?»

«ሁለቱም በርተው ነበር።»

ሴትዮዋ ቅንድቧን ሰበሰበች። «ሁለቱም? ጋሼ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚያበሩት። ‹ጥላ የሌለው ፊት ሳህን ይመስላል› ይሉ ነበር። ሁለተኛውን የሚያበሩት ጎን ለጎን ሁለት ሰው ሲቀመጥ ነው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ሴትዮዋ ቀስ ብላ ጨመረች፤ «የታተመውን ወረቀት ይተዉት፣ እትዬ። ዋናውን ፋይል ይክፈቱ።»

ማለቱ ቀላል ነበር። የጋሼ ካሜራ ፎቶ የሚያስቀምጠው ሠሪው ኩባንያ ብቻ በሚያውቀው መንገድ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ከተዘጋ ቆይቷል። ፋይሉን የሚከፍተው የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፣ እሱም የሚሠራው አውራ ጣት የምታክል ቁልፍ ሲሰካበት። ይህች የኮምፒውተር ቁልፍ ጋሼ ከሞቱ በኋላ ጠፍታለች። ወንድምየው ፋይሉን በፍላሽ ሲሰጣቸው አላቅማማም። ማን ሊከፍተው?

ፍላሹን ይዛ «ዶክተር» ጋ ሄደች። ዶክተር የፖሊስ ጣቢያው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ እጁ የገባውን ዕቃ ሁሉ ሆዱን ካልከፈተ አያርፍም።

«በሽተኛ አመጣሁልህ።»

«እስካሁን በእጄ ያልሞተ የለም፣ ታውቂያለሽ» አለና ፍላሹን ሰካ።

እሷ ወንበር ላይ ስታንጎላጅ እሱ አጉረመረመ። ፋይሉ አናት ላይ ሰዓቱና የምስሉ ስፋት ተጽፏል፤ ከዚያ በታች ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሮቹን በየረድፉ ቢደረድራቸው ምስል ይሆናሉ። ደረደራቸው። ምስሉ አረንጓዴ ሆኖ፣ ነፋስ እንደመታው መጋረጃ ተንጋደደ።

«ይሄ ፋይል ይዋሻል» አለ ዶክተር። «ስፋቴ ይህን ያህል ነው ይላል፤ ሆዱ ውስጥ ያለው ግን ከዚያ ይበልጣል።»

መርማሪዋ ዓይኗን ገለጠች። «አስፋው።»

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ፎቶ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። የሟቹ ሚስት ጥቁር ለብሰው ጥግ ይዘዋል። ፎቶ አስተካካይዋን ፖሊስ አጅቧታል። መርማሪዋ ሁለቱን መብራቶች አስበርታለች።

«ፎቶ ልንነሳ ነው እንዴ የተጠራነው?» አለ ወንድምየው።

«ተነስተሃል» አለች መርማሪዋ። ጉልበቷ ስላልቻለ ፎቶ ተነሺ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። «ጋሼ ለአንድ ሰው ሁለት መብራት አያበሩም። ስለዚህ ፎቶው ላይ ሌላ ሰው ነበር፤ አንድ ሰው ቆርጦ አወጣው። ማን? የጋሼ ሚስት ኮምፒውተሩን አይነኩም።»

«አቧራውንም አልጠርግለትም» አሉ ሚስትየው።

«ይቺ ደግሞ ዕለት ተዕለት ሥራዋ ነው። በዚህ ካሜራ ፎቶ ሲቆረጥ ምን ይሆናል?»

ፎቶ አስተካካይዋ አንገቷን ሳታቀና መለሰች። «ምንም። ጫፉ ይሸፈናል እንጂ አይጠፋም። ጋሼ በየቀኑ ሐሳባቸውን ስለሚቀይሩ እኔም በየቀኑ እመልሰዋለሁ።»

«ይህን የምታውቅ ሴት ነፍሰ ገዳይን በመጋረጃ ብቻ አትሸፍንም። መጥፋቱን ያመነው በሌላ ካሜራ የሚሠራ፣ እሱ ዘንድ የተቆረጠ ተቆርጦ የሚቀር ሰው ነው። ፎቶውን ጨርሶ ያልደመሰሰው ደግሞ አሥር ሰዓት የሚለውን ስለፈለገው ነው፤ በዚያ ሰዓት ሠርግ ላይ እንዳለ ሁሉም ያምናል፣ ሾልኮ መምጣቱን ማንም አላየም። አሻራውን ጠርጎት ቢሆን የእሷም አብሮ በጠፋ ነበር። ማቆሚያውን በጨርቅ ይዞታል። ዶክተር፣ አዙረው።»

ዶክተር ኮምፒውተሩን አዞረ። ጋሼ ፈገግ ብለዋል። ክንዳቸው ጎናቸው በተቀመጠው ሰው ትከሻ ላይ ነው። ታናሽ ወንድማቸው፣ ለሠርጉ በለበሰው ሙሉ ልብስ፣ ጉልበቱ ላይ የካሜራ መወልወያ ጨርቁን ጨብጦ ወደ ካሜራው ያያል።

«ተቆርጦ ነበር» አለ ወንድምየው፣ ለማንም ሳይሆን። መብራቱ ሲጥ አለ። «‹ፎቶ ቤቱን ለእሷ ሰጥቻታለሁ› አለኝ። እየሳቀ! ‹አንተ ግን ወንድሜ ነህ፣ ና አብረን እንነሳ› አለኝ። በፎቶ ሊያባብለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ቤት ተላላኪ ሆኜ…» አልጨረሰውም። ፖሊሱ ክንዱን ያዘው።

ሲወስዱት ደረጃው ለረጅም ጊዜ ተንቋቋ። መርማሪዋ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ የተሰማት ግን የእግሯ መዛል ብቻ ነው።

ሚስትየው ተነሱ። ሬሳው በወጣበት ቀን «ገዳይ!» እያሉ የዚችን ሴት ነጠላ የቀደዱት እሳቸው ነበሩ። አሁን የፎቶ ቤቱን የበር ቁልፍ በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

«ልጄ… እሱ እንዳለው ይሁን። ያንቺ ነው። እኔ ምን አፍ አለኝ?»

ፎቶ አስተካካይዋ ቁልፉን ተቀበለች። ጥቂት ካየችው በኋላ ወደ ሁለተኛው መብራት ሄዳ ከግድግዳው ነቀለችው፤ ጩኸቱ ጸጥ አለ። ተመልሳ ቁልፉን፣ መርማሪዋ ተቀምጣበት በነበረው ወንበር ላይ አስቀመጠች። የተቀደደ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ፣ ማንንም ሳትሰናበት ደረጃውን ወረደች።