ከውሃ በታች የተቆረጠው ሸምበቆ

ሙደሲር አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ባለው ቤቱ ጓሮ፣ ራሱ ቆፍሮ በሠራው ኩሬ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። እጁ መቀስ ጨብጧል። ባጠገቡ የተቆረጠ ሸምበቆ ይንሳፈፋል።

«ሸምበቆውን ሲቆርጥ አዳልጦት ነው» አለ ታናሽ ወንድሙ ሱሃይብ።

ሐጂ ጀላልዲን፣ የቤተሰቡ ሽማግሌ፣ ወደ መርማሪዋ ወደ ጸዳለ ጠጋ አሉ። «ልጄ፣ የአላህ ቀደር ነው። ያዘነ ቤት አታምሺ።»

ጸዳለ የሟቹን ማጅራት አይታለች። ማጅራቱ ላይ የጣት ምልክት የታተመበት ሰው አዳልጦት አይሞትም።

«ሐጂ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ቤት ያመስኩት እኔ አይደለሁም» አለቻቸው።

ወደ ኩሬው ጎንበስ አለች። አገዳዎቹ የተቆረጡት ከውሃው በታች ነው። የሟቹ መዳፎች ጭረት እንኳ የለባቸውም። የሥራ ጓንቱ በራፉ ላይ ከተመታ ምስማር ላይ ደርቆ ተንጠልጥሏል።

ባለቤቱ ሰጂዳ ኩሽና ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደም መስሏል።

«ያለ ጓንት ይቆርጣል?» አለቻት ጸዳለ።

«በጭራሽ! ቅጠሉ እኮ ምላጭ ነው። እኔንም ያለ ጓንት አያስነካኝም።»

«ከሰው ተጣልቶ ነበር?»

«ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ስልክ ላይ ሲጮህ ሰማሁት። ‹ነገ ራስህ ሄደህ እጅህን ስጥ፤ አለዚያ እኔ እናገራለሁ!› ነበር የሚለው። ለማን እንደሆነ አላወቅኩም። ከሥራ ስመለስ ኩሬው ውስጥ አገኘሁት።»

ጸዳለ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ነዳች። የሟቹ ሸሪክ ዮዲ፣ ሁለቱ የከፈቱት የአኳሪየምና የውሃ ተክል ሱቅ ውስጥ ድንክ ሸምበቆ እየተከለች ነበር።

«አዎ፣ ትናንት ሰው ፊት ጮኼበታለሁ!» አለች ሳትጠየቅ። «የሱቃችን ቫን አንድ አዛውንት ገጭቶ ገድሎ ጠፋ። በስሜ ስለሆነ ፖሊስ የሚያመላልሰው እኔን ነው። ቁልፉን ለማን እንደሰጠህ ንገረኝ ስለው ‹ትንሽ ታገሺኝ› አለ። ሌላው ሰው ገድሎ እኔ ልታሰር?»

«ሸምበቆ ከውሃ በታች ቢቆረጥ ምን ይሆናል?»

ዮዲ ግራ ገባት። «ይሰምጣላ! ሥሩ የሚተነፍሰው በአገዳው ነው። ውሃ ከገባበት ይበሰብሳል። ይህንን ሳያውቅ ማን ይተክላል?»

ሱሃይብን ደግሞ ማምሻውን አገኘችው። «ታኮማ ፓርክ ቤቴ ነበርኩ፤ ሰጂዳ ኮል ስታደርግልኝ ነው የመጣሁት። እኔ ሸምበቆውን ከሣር አልለይም» አላት። የሁለቱም እጆቹ ጣቶች በውስጥ በኩል ተሸነታትረዋል። «የምሠራበት ሬስቶራንት ቢላ ቆርጦኝ ነው» አለ።

በማግሥቱ አሜሪካዊው ባልደረባዋ ዮዲን ሊያስር ተነሣ። የስልክ ኩባንያው መልስ ባይደርስም፣ የሰጂዳን ቃል በእንግሊዝኛ አንብቦ ‹እጅ ስጪ› የተባለችው ዮዲ ናት ብሎ ደምድሟል። ጸዳለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ሁሉንም ኩሬው ዳር ሰበሰበቻቸው።

«ሙደሲር ይህን አልቆረጠም» ብላ ጀመረች። «ሸምበቆውን አያሰምጥም፤ ዮዲም ሰጂዳም አያሰምጡም። የቆረጠው የተክሉን ጠባይ የማያውቅ ሰው ነው፤ ሟቹን አስምጦ ሲያበቃ አደጋ ለማስመሰል ቆርጦ መቀሱን አስጨበጠው። ጓንቱ ደረቅ ነው፤ የሟቹ መዳፍም ንጹሕ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው በሁለት ባዶ እጁ ቅጠሉን ገልጦ አገዳውን ጨብጧል። ቢላ የያዘውን እጅ አይቆርጥም፤ የሱሃይብ ግን ሁለቱም ተሸነታትረዋል።»

«ውሸት ነው!» አለ ሱሃይብ።

«ሙደሲር ‹ሄደህ እጅህን ስጥ› ነው ያለው። ለዮዲ ቢሆን ‹ሄደሽ› ይል ነበር። እንግሊዝኛው ይህን አይለይም፤ እኛ ግን እንለያለን። የተናገረው ለወንድ ነው፤ ያውም ገመናውን ከሸሪኩ እንኳ ለደበቀለት ወንድ። ቫኑን የነዳኸው አንተ ነህ።»

ሱሃይብ ፈነዳ። «ወንድሜ አይደል? ለባዕድ ሴት ብሎ የእናቱን ልጅ አሳልፎ ይሰጣል?»

«አንድ ቀን ታገሠህ» አለች ሰጂዳ። «በዚያች አንድ ቀን ነው የገደልከው።»

ካቴናው ሲገባለት ሱሃይብ ወደ ሽማግሌው ዞረ። «ሐጂ፣ እባክዎ፣ ጀናዛው ላይ እንድገኝ ይለምኑልኝ።»

ሰጂዳ ቀደመቻቸው። «ሬሳውን ባዕድ ይሸከመው! አንተ አፈሩን አትነካም!»

ሐጂ ጀላልዲን ከሱሃይብ ጎን ተነሥተው ሰጂዳ አጠገብ ቆሙ።