እስስቷን አደራ ብሎኝ ሄደ

እኔ ፈሪ ነኝ። አይጥ እፈራለሁ፣ ሊፍት እፈራለሁ፣ «ላናግርሽ ፈልጌ ነበር» የሚል ቴክስት ሲመጣ ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ። ስለዚህ አነስን ያገኘሁበትን ቀን ስነግራችሁ አትሳቁብኝ።

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ከጓደኛዬ ከኢክላስ ጋር የሴቶች ፀጉር ቤት አለን። ደንበኞቻችን ሂጃባቸውን አውልቀው ስለሚሠሩ በሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ ሰቅለናል፤ ወንድ ከዚያ አያልፍም። አንድ ጠዋት ከመጋረጃው ውጪ የወንድ ድምፅ ተጣራ።

«እህቶች! ይቅርታ፣ ፀጉር ላይ የምትረጩበትን የውሃ መርጫ ከየት ነው የምትገዙት?»

ሻርፔን ጣል አድርጌ ወጣሁ። ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ልመልስለት አፌን ስከፍት ትከሻው ላይ ያለው ነገር አንድ ዓይኑን ብቻ ወደ እኔ አዞረ።

«እስስት!!!»

ጩኸቴ መንገድ ዳር ተሳፋሪ ይጠራ የነበረውን የታክሲ ረዳት ዝም አሰኘው።

«ኧረ ምንም አታደርግሽም!» አለ ልጁ ከእኔ በላይ ደንግጦ። «እሷ ናት የፈራችሽ። እያት እስቲ፣ ከፍርሃት ጠቁራ።»

አነስ ከእኛ ሁለት ሱቅ አልፎ ስልክ ይጠግናል። እስስቷን ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ልጆች በድንጋይ ሲወግሯት አግኝቶ ነው የወሰዳት። ተሰብሮ የዳነው እግሯ ቅርንጫፍ አይጨብጥም፤ ዛፍ ላይ ቢለቃት ትወድቃለች። ስሟን እሜቴ ብሏታል።

«እሜቴ ከሳህን አትጠጣም» አለኝ። «ቅጠል ላይ ጠብ ጠብ ካላለ ውሃ መሆኑን አታውቅም። ለዛ ነው መርጫው።»

ትርፍ ነበረንና ሰጠሁት። በማግስቱ ሊያመሰግን መጣ። በሦስተኛው ቀን ለምን እንደመጣ እንጃ። ከመጋረጃው ውጪ ቆሞ ማውራት ልማዳችን ሆነ። እኔም ጠዋት ጠዋት ድምፁን መጠበቅ ጀመርኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ፊቱ ገርጥቶ መጣ። እሜቴን በሽቦ ወንፊት ሳጥኗ ይዟታል።

«አባቴ ታሟል። ዛሬ ወደ ወራቤ ልሄድ ነው። ዊዳድ... ከአንቺ ሌላ የማምነው ሰው የለኝም።»

«እኔን?! ኧረ እኔ እፈራለሁ!»

«ጠዋትና ማታ ቅጠሏ ላይ ውሃ ርጪላት። ፀሐይ ትሙቅ፣ ግን የምትጠለልበት ጥላም ይኑራት። በየሁለት ቀኑ ፌንጣ። ዓይኗ ከጎደጎደ ውሃ ጠምቷታል ማለት ነው።»

«ብትሞትስ?»

ሳጥኑን አቀበለኝ። «አደራ» ብቻ አለኝ።

እናቴ «እስስት የገባበት ቤት እኔ አላድርም!» ስላለች ፀጉር ቤቱ ውስጥ አስቀመጥኳት። ፀሐይ የሚገባው በአንድ መስኮት ብቻ ነው፤ ከትልቁ መስታወታችን ፊት ለፊት ባለው። ሳጥኗን እዚያ አደረግኩ። የፀጉር ቀለም ጓንት አጥልቄ ሣር ውስጥ ፌንጣ ለቀምኩ... እኔ! ደንበኞቻችን የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ሆነው እሷን ላለማየት ዓይናቸውን ይጨፍኑ ነበር።

በሁለተኛው ቀን እሜቴ ጠቆረች። በሦስተኛው ሰውነቷን ነፍታ፣ አፏን ከፍታ እፍ አለች። ፌንጣውን ዞር ብላም አላየችው። ቅጠሉን አረጠብኩ፣ አልጠጣችም። በአምስተኛው ቀን ዓይኗ ጎደጎደ።

አነስ በየምሽቱ ይደውላል።

«እንዴት ናት?»

«ደህና ናት» አልኩት ያን ምሽትም። ዋሸሁት። በማግስቱ ስልኩ ሲጠራ ግን ማንሳት አቃተኝ። እውነቱን ብነግረው አባቱ አልጋ አጠገብ ምን ያደርጋል? ደግሜ ብዋሸውስ ነገ ሬሳዋን ሳስረክበው ምን ሊለኝ ነው? ሲጠራ እያየሁ ፎጣ ሸፈንኩበት።

መልእክቶቹ ተከታተሉ። «ዊዳድ፣ አባቴ ተሽሎታል።» «አስቀየምኩሽ እንዴ?» የመጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «ገባኝ። መጥቼ እወስዳታለሁ። ከዚያ በኋላ አላስቸግርሽም።»

ኢክላስ ስልኬን ነጥቃ አነበበችው። «አንቺ ሴትዮ! ልጁን በእስስት የተነሳ ልታጪው ነው?»

«ከሞተች ለማንኛውም አጣዋለሁ» ብዬ አለቀስኩ።

በዘጠነኛው ቀን፣ አርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት፣ ከመጋረጃው ውጪ ድምፁን ሰማሁ።

«እህቶች!»

ዊዳድ አላለም። እንደ መጀመሪያው ቀን፣ እንደማያውቀኝ ሰው «እህቶች» ነው ያለው። ሻርፔን ጣል አድርጌ ወጣሁ።

«አነስ... እየሞተችብኝ ነው። ዋሽቼሃለሁ። ግባና እያት።»

«ልግባ?» አለ ግራ ተጋብቶ።

«ግባ! ከኢክላስ በቀር ሰው የለም።»

መጋረጃውን ሲያልፍ ያ የመጀመሪያው ነበር። ወደ ሳጥኑ ሄደና እሜቴን አያት። ቀና ብሎ ፊት ለፊት ሲያይ ደርቆ ቀረ።

«ዊዳድ... መስታወት!»

«ምን ሆነ?»

«እስስት ሌላ እስስት አጠገቧ አትፈልግም። ይቺ እኮ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከማትሄድላት ባላጋራ ጋር ተፋጣ ነው የከረመችው!»

የእኛኑ ፎጣዎች አንድ በአንድ መስታወቱ ላይ ሰቀለ። ቅጠሉን አረጠብኩና ሦስታችንም ወለሉ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን። ግማሽ ሰዓት አለፈ። አንድ ሰዓት አለፈ... ትንፋሼን ውጬ ዱዓ አደረግኩ።

ከዚያ እሜቴ አንገቷን አስግጋ ከቅጠሉ ጫፍ አንዲት ጠብታ ላሰች። ደግማ ላሰች። ጎኗ ላይ ቀስ እያለ አረንጓዴ ብቅ አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ አነስ ዓይኑን እየጠረገ። «ሁሉንም ነገርኩሽ፣ የዚህን ቤት ውስጡን ግን አይቼው አላውቅም። ቆይ... ስልክ ለምን አታነሺም ነበር?»

«ከሞተች ተመልሰህ አትመጣም ብዬ ፈራሁ።»

«በየቀኑ የምደውለው ለእሷ ብዬ መስሎሽ ነው?»

«እና ለማን ነው?»

«ላንቺ ነዋ! አባቴ ሲነቃ መጀመሪያ የነገርኩት ስላንቺ ነው። እወድሻለሁ ዊዳድ። ስልክ አለማንሳትሽ ነው የገደለኝ።»

ኢክላስ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እኔ እዚህ አለሁ እኮ» አለች።

ባለፈው ሸዋል፣ ከረመዳን ቀጥሎ ባለው ወር፣ ኒካሕ አሰርን። እናቴ እስስቷን እስካሁን በሩቁ ነው ሰላም የምትላት። ዓለም ባንክ የተከራየነው ቤት ውስጥ ያለን አንድ መስታወት ብቻ ነው፤ እሱንም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው የሰቀልነው።

ፈሪነቱ አልለቀቀኝም። አይጡንም ሊፍቱንም አሁንም እፈራለሁ። አነስ ሲደውል ግን፣ ክፉ ወሬም ይኑረኝ ደግ፣ ወዲያው አነሳለሁ።