ያልተነጠፈው ግቢ

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ሞጣ ከተማ ውስጥ በሚያከራዩት ግቢ ጓሮ በጀርባቸው ተንጋለው የተገኙት በሰኔ መግቢያ፣ ሲዘንብ ያደረው ዶፍ ባባራበት ማለዳ ነበር። ያገኘቻቸው ተከራያቸው ይርገዱ ናት፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች የጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ። ጎንበስ ብላ አንገታቸውን ዳሰሰች። ቀዝቅዘዋል። ከጭንቅላታቸው ሥር ዝናቡ ያልደረሰበት ደም ግንበኛው ለናሙና ያነጠፈው ጥርብ ድንጋይ ላይ ረግቷል።

«አዳልጧት ነው» አለ ከኋላዋ የደረሰው ቢሆነኝ፣ የባላቸው ወንድም። «ይኼ ድንጋይ ይቅርብሽ ብያት ነበር።»

መርማሪው ሩቅ አልነበረም። የብቸናው መቶ አለቃ ገብረ ሚካኤል ለሌላ ጉዳይ ሞጣ መጥቶ፣ ወንዝ ሞልቶበት መመለሻ አጥቶ ሰንብቷል። ሬሳው ሲነሳ መዳፉን ከሥር በነበረው ድንጋይ ላይ አሳረፈና የያዘውን አይቶ ጨበጠው። ከዚያ በሩ እንዲቆለፍ አዘዘ። ግቢው ውስጥ ያደሩት ሦስት ሰዎች፣ ይርገዱ፣ ጎረቤቷ መምህር ሣህለ ማርያምና ቢሆነኝ፣ እስኪፈቀድላቸው ድረስ እግራቸው ከግቢው እንዳይወጣ ተነገራቸው።

ይርገዱ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። አጥሩ ግንብ ነው፤ ከላዩ ሰማይ እንጂ ሌላ አይታይም። ሰማዩም ጠቁሯል። ከሁሉ የከበዳት በዋዜማው ከሟቿ ጋር የተናገረችው ነበር። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ክረምት በገባ ቁጥር ግቢው ጭቃ እየሆነ ተከራይ ሲያስመርር ስለኖረ ሊያስነጥፉት ቆርጠው ነበር። ሲሚንቶው ከደብረ ማርቆስ ድረስ የጭነቱ ዋጋ ብቻ የሚቀመስ አልሆነም። የወንዝ ጠጠር ርካሽ ነው፤ ግን ጭቃው ይውጠዋል። ሸክላ ጡብ ያምራል፤ ዝናብ ሲመላለስበት ይፈረፍራል። ጥርብ ድንጋይ ጉልበት ይፈጃል፤ መሬቱም እስከ ጉልበት ተቆፍሮ መሞላት አለበት፤ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ይቆያል። «በየክረምቱ ጠጠር ከማስለቅም አንዴ አውጥቼ ልረፍ» ብለው ድንጋዩን መረጡ። ይርገዱ ኪራይ ሊጨምሩብን ነው ብላ ጮኸችባቸው። መንገደኛ ሳይቀር ሰምቷታል።

መቶ አለቃው ክፍሏ ገብቶ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ያንን ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች።

«አንቺ የትኛውን መርጠሽ ነበር?» አላት።

«ምኑን?»

«ንጣፉን።»

የሚያላግጥባት መሰላት። «ጡቡን» አለች። «ኪራይ እንዳይጨምር ብዬ ነው። ከእትዬ ጋር ሌላ ጠብ የለኝም። ያን ማታም ከጤና ጣቢያ የገባሁት በዝናብ ነው።»

መርማሪው ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የሥራ ካፖርቷን ጫፉን ጨመቀው። ውሃ ተንጠባጠበ። ተነሥቶ ወጣ።

መምህሩንም ያንኑ ጠየቀው። መምህሩ ጥርብ ድንጋዩን እንደደገፈ፣ በዋዜማው ተማሪ ሲፈትን አምሽቶ ዝናቡን ተቀብሎ እንደገባ ነገረው፤ ጫማው ጋዜጣ ተጠቅጥቆበት ምድጃ አጠገብ ነበር።

ቢሆነኝ ግን በረንዳው ላይ ቆሞ ስለተጠየቀ ሁሉም ሰሙት። «እኔስ ጠጠሩን ነው ያልኩት። በገዛ አህያዬ ከወንዝ አምጥቼ በነፃ አፈሰስኩላት። መሬቱን ሳይነኩ ከላይ መበተን ነው።»

«ለምን አይነካም?»

«የቤቱ መሠረት ይናጋላ!»

ወንድሙ ደምለው ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በወባ ሞተ ከተባለ ወዲህ የግቢው ጠባቂ እሱ ነበር። በዚያ ምሽትም ከገበያ በዝናብ ገባሁ አለ። ትከሻው ላይ ያጣፋው ጋቢ ግን ደረቅ ነበር።

በማግሥቱ የቀብሩ ሰልፍ በአጥሩ ሥር አለፈ። ይርገዱ ለቅሶውን እየሰማች በሩ ድረስ ሄደች፤ መቶ አለቃው በሩ ላይ ያቆመው ዘበኛ ፊቱን አዞረባት። መምህሩም ሰላምታዋን መመለስ ትቷል። ከቢሆነኝ ጋር ሲንሾካሾክ ስሟ ተነሳ። በዚያ ሰዓት ከተማው ሁሉ ከግንቡ ማዶ ሆኖ የሚፈርድባት መሰላት፤ ወደ ወሎ የሚወስደው መንገድም ለዘላለም የተዘጋ። ደጃፏ ፊት ለፊት ከተቆለለው ጠጠር ሌላ ዓይኗን የምታሳርፍበት አልነበራትም። መቶ አለቃው በካፊያ ውስጥ ዱላውን መሬት ላይ እየወጋ ግቢውን ሲዞር ዋለ።

በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ሁሉንም በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው። ሁለት ፖሊሶች ዶማና አካፋ ይዘው ቆመዋል።

«ወይዘሮ ጥሩአየሁን ዝናብ አላዳለጣቸውም» አለ። «ግንበኛው ድንጋዩን ሲጠርብ የወደቀው ብናኝ ዙሪያውን ጭቃ ሆኗል። ከሥራቸው የነበረው ግን ደረቅ ዱቄት ነው፤ በመዳፌ ይዤዋለሁ። የወደቁት ዝናቡ ሳይጀምር ነው። መሮ ባሻከረው ደረቅ ድንጋይ ላይ ማንም አያዳልጠውም። ሰው ነው የመታቸው።»

ዱላውን ወደ ይርገዱና ወደ መምህሩ ዘረጋ።

«እሷና መምህሩ የገቡት ዝናቡ ከጀመረ በኋላ ነው። ልብሷና ጫማው በማግሥቱም አልደረቁም። አቶ ቢሆነኝም በዝናብ ገባሁ ብለዋል፤ ጋቢዎ ግን ደረቅ ነበር።»

«ሌላ ጋቢ የለኝም?»

«ይኖርዎታል። ስለዚህ በጋቢው ብቻ አልያዝኩዎትም። ግንበኛውን ጠየቅሁት። በማግሥቱ ሊቆፍር ችንካር ተክሎ ሲባጎ ወጥሮ ነበር የሄደው። እኔ ስደርስ ችንካሮቹ ተነቅለው፣ ሲባጎው ተጠቅልሎ ወጥ ቤት ጀርባ ተቀምጧል። በኪራይ የተናደደ ሰው ገድሎ ይሸሻል እንጂ ችንካር ለመንቀል አይቆይም። የሚነቅለው ቁፋሮውን የሚፈራ ነው። ስለ ንጣፉ የጠየቅኋችሁ ለዚህ ነበር። ጡቡም ጥርብ ድንጋዩም ያለ ቁፋሮ አይሆንም። መሬቱ አይነካ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ዱላውን ወደ ጠጠሩ ክምር ጠቆመ። «ግቢው ከላይ ጭቃ ቢሆንም ከሥሩ ተረግጦ ጠጥሮ ዱላዬን አልቀበል አለ። እዚያ ክምሩ ጠርዝ ላይ ግን አንድ ክንድ ያህል ሰመጠ። የወንድምዎን መርዶ ከሁመራ ያመጡት እርስዎ ነዎት አይደል?»

ፖሊሶቹ ጠጠሩን ዛቁት፤ ከዚያ ቆፈሩ። መጀመሪያ የወጣው የበሰበሰ ቀበቶ ነበር፤ ቀጥሎ አጥንት። መምህሩ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ።

«ከደምለው ጋር በርስት ነው የተጣላነው» አለ ቢሆነኝ በመጨረሻ፣ እጁ ሲታሰር። «እሷን ግን ልገድላት አልፈለግሁም። ስንት ጊዜ ለመንኋት! ጠጠሩን እሺ ብትል ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆማ ነበር።»

በሩ ተከፈተ። ዘበኛው መንገዱን ለቀቀ። ይርገዱ ግን ከደረጃው መውረድ አቃታት።

«ነፃ ነሽ፣ እህቴ። ሂጂ» አላት መቶ አለቃው።

«እትዬ እዚያ ነበር ፀሐይ የሚሞቁት» አለች፣ ጉድጓዱን እያየች። «ጠጠሩ ሳይፈስበት በፊት፣ ዘወትር እሑድ። ባሌ በበረሃ ቀረ፣ አፈር የሚያለብሰው ዘመድ እንኳ አጣ እያሉ ያለቅሱ ነበር። እዚያው ላይ ተቀምጠው።»

መቶ አለቃው ቆቡን አወለቀ። ይርገዱ ግንቡን ታክካ፣ ጉድጓዱን ከሩቅ ዞራ ወጣች።