በግራ እጅ የታፈኑ ክሮች

በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የደባርቅ አንድ ቀበሌ የኪነት ቡድን ጮኾ መጫወት አቆመ። እስከዚያ ድረስ ቡድኑ የሚያውቀው በየበዓሉ አደባባይ የሚተከለውን ማይክሮፎን ነበር፤ አፍ አስጠግተው ካልጮኹበት የማይሰማውን፣ ከበሮውንና ዘፋኙን ወስዶ የቀረውን ለነፋስ የሚተወውን። የአገር ቤት ዜማ ሊቀርጹ ከአዲስ አበባ የመጡት ጋሽ ሀብተ ሚካኤል ግን ጥጥ ከተነጠፈበት ሣጥን ውስጥ ሌላ ዓይነት አወጡ።

«ይህ ኮንደንሰር ይባላል» አሉ። «በውስጡ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ገለፈት አለ። ከባትሪው ትንሽ ኃይል ይቀበልና አየሩ በተነቃነቀ ቁጥር አብሮ ይነቃነቃል። አትጩኹበት፤ እሱ ራሱ ይሰማችኋል።»

ከበሮ መቺው ውዱ ግን የአደባባዩ ልማድ አሸነፈው። ጠጋ ብሎ፣ «እፍ! እፍ! ሀሎ!» አለበት።

«ኧረ ተው አንተ ልጅ!» ጋሽ ሀብተ ሚካኤል ማዳመጫውን ከጆሯቸው ነቀሉት። «ትንፋሽ እርጥበት ነው፤ እርጥበት ደግሞ ጠላቱ ነው!»

«ይቅርታ ጋሼ፤ የኛውማ ካልተፉበት አይነቃም» አለ ውዱ፤ ሁሉም ሳቁ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ይግዛው የሚኮሩበት አዲሱ አዳራሽ ቆርቆሮው በነፋስ እየተንጫጫ ስላስቸገረ፣ ከጀርባው ወዳለው የሣር ክዳን ቤት ገቡ። ግድግዳውን በጋቢና በብርድ ልብስ ሸፈኑት። የቡድኑ ዋና ክራር መቺ እናናዬ ክራሯን ይዛ ከማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጠች፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ታንጉት እንደ ወትሮው ሁለተኛውን ክራር ይዛ ከኋላዋ።

አንድ ዜማ ለሙከራ ተቀርጾ ሲያልቅ ታንጉት ዓይኗን ከማይክሮፎኑ መንቀል አቃታት። ጋሽ ሀብተ ሚካኤል ይህን አይተው ቴፑን ወደ ኋላ አጠነጠኑና ማዳመጫውን አጠለቁላት።

የራሷን ክራር ሰማች። ጥፍሯ ክሩን ሲነካ፣ ክሩ ሲርገበገብ፣ ክሩ ዝም ካለ በኋላም በቆዳውና በገበቴው መካከል የሚዘገየውን ቀጭን ድምፅ ሳይቀር ሰማች። ዜማው ከመጀመሩ በፊት የሳበችው ትንፋሽ እንኳ ነበረበት። ሰው ቀርቶ እሷም ሰምታው የማታውቀውን ሁሉ፣ ያ ዝምተኛ ዕቃ ከነክብሩ ይዞት ኖሯል።

«አንድ ነገር ገርሞኛል» አሉ ጋሽ ሀብተ ሚካኤል። «የምሰማው ከኋላ ያለውን ክራር ነው። የፊተኛው ሽ... ሽ... ብቻ ይላል።»

ታንጉት አቀረቀረች። ነገሩን የሚያውቁት እሷና እናናዬ ብቻ ነበሩ። ባለፈው ዓመት ለአብዮት በዓል ወደ ዳባት ሊሄዱ ሲሉ የእናናዬ ጣት መገለ። ከመድረክ እንዳትቀር ብለው መላ መቱ፦ እናናዬ ክሮቹን በሙሉ በግራ እጇ አፍና በቀኟ እየገረፈች ታስመስላለች፤ ታንጉት ከኋላ ሆና የሁለቱንም ድርሻ ትመታለች። ዳባት በጭብጨባ ተናወጠ። ጣቱ ዳነ፤ ጭብጨባው ግን ጣፈጠና ልምምዱ ቀረ፤ ማስመሰሉ ቀጠለ።

«ተበላሽቶ ይሆናላ!» አለች እናናዬ ፈጠን ብላ። «ውዱ ተፍቶበት የለ እንዴ?»

በሩ ላይ የቆሙት ጓድ ይግዛው ፊታቸው ተለወጠ። «ይህ የመንግሥት ንብረት ነው» አሉ። «ተበላሽቶ ከሆነ በአሻጥር ያስጠይቃል።»

በዚያ ዘመን አሻጥር ሰው ወስዶ የማይመልስ ቃል ነበር። የውዱ ሳቅ ከንፈሩ ላይ ደረቀ።

«ቆይ ጓድ፤ መጀመሪያ ልፈትሸው» አሉ ጋሽ ሀብተ ሚካኤል።

«ፈትሹ። እኔ ደግሞ ለአውራጃው አስታውቃለሁ።»

እናናዬ የታንጉትን ክንድ ይዛ ወደ ጥግ ሳበቻት። «አደራሽን፣ ዝም በይ።»

«ውዱስ?»

«ውዱ እንደሁ ቀልዶም ይወጣዋል። ፋራ አትሁኚ ታንጉቴ! ይህ ከተሰማ በደባርቅ መንገድ እንዴት ብዬ እሄዳለሁ?»

«ማይክሮፎኑ የሰማውን ነው እኮ የተናገረው።»

«ዕቃ ነው! ዕቃ አይከፋውም።»

«ውዱ ዕቃ አይደለም።»

እናናዬ ክንዷን ለቀቀቻት። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር። ታንጉት ጓደኛዋን የጠላቻት አልመሰላትም፤ የመገለውን ጣት በጨው ውኃ ያጠበችላት፣ መላውንም አብራ የመከረችው እሷው ናት። ቀና ብላ ማይክሮፎኑን አየችው። ፊተኛና ኋለኛ ሳይለይ፣ ለማን እንደሚጨበጨብ ሳይጠይቅ፣ በዚያ ቤት የነበረውን ሁሉ በየመጠኑ ተቀብሏል። ዓመት ሙሉ አንድ ሰው እንዲሰማት ስትመኝ ኖራ፣ ሰሚ ስታገኝ ሰሚውን ተበላሸ ልትል ነው።

ጓድ ይግዛው ለመሄድ በሩን ከፈቱት። የጭላዳ ጩኸት የመሰለ የነፋስ ፉጨት ገባ።

ታንጉት ክራሯን አነሣች። በእናናዬ አጠገብ አልፋ ከፊት ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ማይክሮፎኑ ደህና ነው» አለች። «ከዳባት ጀምሮ የሁለቱንም ክራር ድርሻ የመታሁት እኔ ነኝ። አሁንም የፊተኛውን እኔ እመታለሁ።»